በባዶ እግር እና በጫማ፦ የእግራችን ታሪክ ከአድዋ እስከ ናይሮቢ

ማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ትልልቅ ጉዳዮች የሚጽፉ ብዙዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ዓይናችንን ወደ ታች አድርገን ስለ እግራችን ልናወጋ ወደድን። ምክንያታችን ቀላል ነው። እዚህ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን የአበበ ቢቂላን ፎቶግራፍ ባዩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል፦ «በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ መግዣ ስላልነበረው ነው?» ይሉናል። ከመካከላችን ግማሹ «አይደለም፣ ጀግንነት ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ግማሹ ደግሞ «ድሆች ነበርን፣ ምን ታደርገዋለህ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መልሶች ጎደሎ ናቸው። ልጅ ደግሞ ስለ አገሩ ጎደሎ መልስ እየሰማ ካደገ ወይ በከንቱ ይኮራል፣ ወይ በማያሳፍር ነገር ያፍራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባናል።

ባዶ እግር በአገር ቤት

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት በባዶ እግራቸው ሲሄዱ የኖሩት በድህነት ምክንያት ብቻ አልነበረም። በቀድሞ ዘመን ባላገሩም ባላባቱም በአብዛኛው በባዶ እግሩ ነበር። የመኳንንቱ ልዩነት የሚታየው በእግራቸው ላይ ሳይሆን በካባቸው፣ በበቅሏቸው ኮርቻና በተከታዮቻቸው ብዛት ነበር። በቅሎ ወይም ፈረስ የሚቀመጠው ሰው እንኳ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ነበር። የድሮው የአገራችን እርካብ ጠባብ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ለጫማ ሳይሆን ለጣት የተሠራ ነበርና።

ጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሰሜን የዘመተው የአጤ ምኒልክ ሠራዊትም አብዛኛው በባዶ እግሩ የተጓዘ ነበር። ያን ሁሉ ተራራና ገደል፣ ያን ሁሉ ጋሬጣና እንቅፋት አልፎ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጫማ ያደረገውን የኢጣልያ ጦር ድል አደረገ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድሉን ያመጡት አንድነት፣ የጦር መሣሪያና ብልህ አመራር ናቸው። ባዶ እግር በራሱ የድል ምክንያት ነው ብለን ለልጆቻችን አንነግራቸውም።

ባዶ እግር ከክብርም ጋር የተያያዘ ነው። ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ሙስሊሙም መስጊድ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። በዚህ ጊዜ ባዶ እግር የእጦት ሳይሆን የትሕትናና የቅድስና ምልክት ነው። መንገደኛ እንግዳ ቤት ሲደርስ በመጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ቀርቦ እግሩ ይታጠባል፤ የጸሎተ ሐሙስ ዕለትም ካህናቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ቋንቋችን ራሱ እግርን ያከብራል። ደግ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው «እግረ እርጥብ» ይባላል። ሳናስበው የመጣ ወዳጅ «እግር ጥሎት» መጣ እንላለን፤ የሚሸሽ ሰው ደግሞ «እግሬ አውጪኝ» ይላል።

ጫማ ወደ ከተማችን በስፋት የገባው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ አርመኖች በቆዳና በጫማ ሥራ ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። የዳርማር ጫማ ስም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚታወስ ነው። ከተሜነት ሲስፋፋ ጫማ የተማረና የሠለጠነ ሰው ምልክት ሆነ። ፒያሳ ላይ ጫማውን በሊስትሮ የሚያስጠርገው የቢሮ ሠራተኛና ጫማውን የሚጠርግለት ባዶ እግሩን ያለ ልጅ የዚያ ዘመን ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ባዶ እግር ውርደት መስሎ መታየት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። አቅም ላነሰው ደግሞ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ደረሰለት። በረባሶ እስኪበጣጠስ ከአንድ ሰው ዕድሜ ይበልጣል ተብሎ ይቀለድበት ነበር።

የናይሮቢ ምድር የሚያውቃቸው እግሮች

አሁን ወደምንኖርባት ከተማ እንምጣ። በኬንያታ ጎዳና የሚያልፍ ሁሉ የሚያየው፣ ሦስት የነሐስ ሰዎች የቆሙበት የአስካሪ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1928 የቆመ ነው። ጽሑፉ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተዋጉትን አፍሪካውያን ካሰበ በኋላ ተሸካሚዎቹን የሠራዊቱ እግርና እጅ ብሎ ይጠራቸዋል። እነዚያ ተሸካሚዎች የጦሩን ጥይትና ምግብ በራሳቸው ተሸክመው፣ አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጫካና ረግረግ የተጓዙ ናቸው። እጅግ ብዙ ሺህ የሚሆኑት በበሽታና በድካም አልቀዋል። የተሸካሚዎቹ ክፍል በእንግሊዝኛ «ካሪየር ኮር» ይባል ስለነበር ሠፈራቸው በስዋሂሊ አፍ «ካሪኮር» ተባለ። ዛሬ ቆዳና ሰንደል ለመግዛት የምንሄድበት የካሪኮር ገበያ ስሙን ያገኘው ከእነዚያ እግሮች ነው። ከመኪና ጎማ የተሠራው አካላ የሚባለው የኬንያውያን ጫማ በዚሁ ገበያ ሲሸጥ ስናይ ከእኛ በረባሶ ጋር ወንድማማች መሆኑ ወዲያው ይታየናል።

ለብዙ ዓመታት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮችም የደንብ ልብስ ለብሰው በባዶ እግራቸው የሚሰለፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ በኩል ሐረርን አልፎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው ጦር ውስጥ የኬንያና የጎረቤቶቿ ልጆች ነበሩበት።

ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የእኛ ሰዎች በተቃራኒው አቅጣጫ መጥተዋል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ገቡ። ያንን የበረሃ መንገድ በእግራቸው የተጓዙት እነዚህ ወገኖች በመጀመሪያ በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ በተቋቋሙ የስደተኛ ሠፈሮች ኖሩ። ከመካከላቸው ጦርነቱ ሲጀመር ተመልምለው በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ገብተው የተዋጉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜም ሌላ ትውልድ በሞያሌ በኩል መጣ፤ ዋልዳን፣ ቲካን፣ ካኩማን የሚያስታውሱ አባላት ዛሬም በመካከላችን አሉ። የማኅበረሰባችን ታሪክ በኬንያ በእግር የተጻፈ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሮም፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ

አሁን ወደ ልጆቻችን ጥያቄ እንመለስ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1932 በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል ሥፍራ ተወለደ። ክቡር ዘበኛ ገብቶ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ሠለጠነ። ይህን ልብ እንበል፦ የክቡር ዘበኛ ወታደር ጫማ ነበረው። አበበ በጫማም በባዶ እግሩም ይለማመድ ነበር።

ወደ ሮም ሲሄድ የያዘው የመሮጫ ጫማ አርጅቶ ነበር። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ ደግሞ አልስማማ ብሎ እግሩን ውኃ አስቋጠረው። የማራቶን ሯጭ ውኃ በቋጠረ እግር 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሮጥ እንደማይችል ያውቃል። ስለዚህ በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ጉዳዩ የድህነትም የትዕቢትም አልነበረም። ልኩ ያልሆነ ጫማ ከባዶ እግር የባሰ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ያደረገው ምርጫ ነው።

ውድድሩ የተካሄደው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ማለትም በአገር ቤት ችቦ በሚበራበት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሩጫው ወደ ማታ ተጀመረ። በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና የሮም ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆየና ወደ መጨረሻው ግድም፣ ኢጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገራችን ወስደው ሮም ባቆሙት የአክሱም ሐውልት አካባቢ ፍጥነቱን ጨመረ። በቆንስጣንጢኖስ የድል ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አንደኛ ገባ። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው። ይህ ለጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ሐውልቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አክሱም ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል።

ቶኪዮ፦ የተረሳው ጫማ

የሮሙን ታሪክ ሁላችንም እንተርካለን፤ የቶኪዮውን ግን ቸኩለን እናልፈዋለን። አበበ በግንቦት 1961 እ.ኤ.አ. አቴና ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጃፓን ኦሳካ ሲሄድ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የሚባሉ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት አግኝተው በሠሩት ጫማ እንዲሮጥ ለመኑት። አበበም አድርጎት አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በባዶ እግሩ አልተወዳደረም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964) በቶኪዮ ኦሊምፒክ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ ቀረበ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሮጦ የራሱን የሮም ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንግዲህ ያው ሰው፣ ያው እግር፣ በባዶውም በጫማውም ዓለምን ቀድሟል። ለልጆቻችን ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ብናሳያቸው ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ያስተምራቸዋል።

አበበ እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ እንደገና አልቆሙም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ኬንያውያን ወንድሞቻችን

ይህ ታሪክ የእኛ ብቻ አይደለም። ኬንያውያኑ ንያንዲካ ማዮሮና ላዛሮ ቼፕክዎኒ ገና እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ላይ በባዶ እግራቸው ሮጠው የእንግሊዝን ተመልካች አስደንቀው ነበር። ከዚያም በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ማሞ ወልዴን በ0.6 ሰከንድ ብቻ ቀደመው። ከሳምንት በኋላ ማሞ ማራቶኑን አሸነፈ። የሁለቱ አገሮች የሩጫ ፉክክር የተጀመረው በእንዲህ ያለ መከባበር ነው።

ሊቃውንትም ነገሩን መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ በባዶ እግራቸው የሚሮጡ ሰዎችን አጥንተው፣ በባዶ እግር የለመደ ሯጭ ብዙ ጊዜ በፊተኛው እግሩ እንደሚያርፍና ከመሬት የሚደርስበት ምት ዝቅ ያለ እንደሆነ ጻፉ። በ2013 ደግሞ በሰሜን ኬንያ ኢሌሬት አጠገብ በዳሰነች ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ዳሰነቾች በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። በባዶ እግራቸው ቢያድጉም በዝግታ ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዛቸው ያርፋሉ። ስለዚህ ባዶ እግር ለሁሉም አንድ ዓይነት አሯሯጥ አይሰጥም። በሌላ በኩል በእግር ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 100 ግራም የሯጩን ድካም 1 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። የጫማ ሠሪዎች ጥበብ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመራል፦ እግርን ሳይከብዱ መጠበቅ። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን የሴቶች ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። ከአበበ ባዶ እግር እስከ ትዕግሥት ጫማ ያለው መንገድ አንድ መንገድ ነው።

ዝም የማይባልበት ጉዳይ

ይህን ሁሉ ስንል ግን ስለ ባዶ እግር ውበት ብቻ አውርተን ማለፍ ኃጢአት ይሆንብናል። በአገራችን ደጋማ ሥፍራዎች፣ ዝናብ በሚበዛበትና ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለዓመታት የሚያርስ ገበሬ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ይይዘዋል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ አልፎ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው እንጂ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሆኖም የታመመው ሰው ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም ከለቅሶና ከማኅበር ይገለላል። በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የተያዙት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። መከላከያው ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ከዚህ የቀለለ መድኃኒት ያለው ከባድ በሽታ ጥቂት ነው።

ሙጀሌም እንዲሁ። እናቶቻችን በመርፌ እየነቀሱ ያወጡት የነበረው ይህ ቁንጫ መሰል ተባይ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመጣ መርከብ አንጎላ ደርሶ፣ በነጋዴዎችና በተሸካሚዎች ባዶ እግር ላይ ተሳፍሮ በሃያ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አህጉሩን አቋርጦ ምሥራቅ አፍሪካ ገባ። ዛሬም በኬንያ ገጠር ሕፃናትን ከትምህርት የሚያስቀር ችግር ነው። የመንጠቆ ትልና ቴታነስም የሚገቡት በዚያው በባዶ እግር በር ነው።

ልጆቻችንና የእነሱ ጫማ

የናይሮቢ ቤተሰብ በየጥር ወር የትምህርት ዘመን ሲጀመር ጥቁሩን ታፊዝ ጫማ ለመግዛት ባታ ሱቅ ይሰለፋል። የባታ ፋብሪካ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሊሙሩ ላይ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ለልጆቻችን ጫማ እንደ ደብተርና እርሳስ የተለመደ ዕቃ ነው፤ አያቶቻቸው በዓመት በዓል ብቻ አድርገውት ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት እንደነበር ሲሰሙ ይገረማሉ።

ክርክሩ የሚነሳው ዕረፍት ላይ ነው። ቤተሰቦቻችን ወደ ሞምባሳና ወደ ዲያኒ ሲወርዱ ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ በነፋስ ሸራ በሚነዳው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ባሕር ላይ መንሸራተት ይማራሉ። እዚያም ያው የአበበ ጥያቄ ይመጣል፦ በባዶ እግር ወይስ ለስላሳውን የጎማ ቦቲ አድርጎ? በባዶ እግር የቆመ ልጅ የሰሌዳውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በጣቱ ይሰማዋል። ቦቲው ግን ከስለታሙ የባሕር ድንጋይና እሾሃቸውን አቁመው ከሥር ከተቀመጡት የባሕር ፍጥረታት ያድነዋል። አባት «እኛ በእሾህ ላይ ሮጠን አድገናል» ይላል፤ እናት «ቦቲህን አድርግ» ትላለች። የእኛ ምክር ከታሪኩ የተቀዳ ነው። ከሥር አሸዋ ብቻ ከሆነና ውኃው ጥርት ብሎ ከታየ ልጁ በባዶ እግሩ ይልመድ፤ ድንጋይና እሾህ ባለበት ግን ቦቲው ይቅደም። ቦቲውም ልኩ ይሁን፤ ልኩ ያልሆነ ጫማ ምን እንደሚያደርግ ከሮም ተምረናልና።

እንግዲህ ልጆቻችን ሲጠይቁን እንዲህ ብለን እንመልስላቸው። አያቶቻችሁ በባዶ እግራቸው የሄዱት አንዳንዴ በልማድ፣ አንዳንዴ በአክብሮት፣ አንዳንዴም በእጦት ነው። አበበ ግን ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አስቦ ስለ መረጠ ነው፤ ቶኪዮ ላይም ጫማ ያደረገው አስቦ ስለ መረጠ ነው። የሚያኮራው የመረጠበት ማስተዋልና የሠለጠነበት ትጋት ነው። ምርጫ የሌለው የገጠር ልጅ ግን ዛሬም አለ። ለዚያ ልጅ አንድ ጥንድ ጫማ ማድረስ ከቻልን ይህ ኢዮቤልዩ ከድግስ ያለፈ በዓል ይሆናል። በየቤታችን የጠበበ፣ ገና ያላረጀ የልጅ ጫማ አይጠፋም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ወገን ሁሉ በሻንጣው ጥግ ጥቂት ጥንድ ቢይዝ ሸክሙ ቀላል፣ ጥቅሙ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ለመላው የማኅበራችን ቤተሰቦች መልካም የኢዮቤልዩ በዓል እንመኛለን። እግራችሁን እንቅፋት አይምታው።